መሪ ይዞ ብድግ ማለት

ልጄ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷት የባጃጅ መንጃ ፈቃድ ስታወጣ እኔ የፈራሁት ስልኳን ነበር። እየነዱ ጭናቸው ላይ ያስቀመጡትን ስልክ የሚያዩ ጎረምሶች ደብረ ታቦር ላይ ሞልተዋል፤ አንዱንማ አስቁሜ ልክ ልኩን ነግሬዋለሁ። ስለዚህ ሕግ አወጣሁ፤ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ስልኳ እኔ ኪስ ይገባል። አላጉረመረመችም። እኔም ጎበዝ አባት ነኝ ብዬ ራሴን አመሰገንኩ።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከኋላ ተቀምጬ አብሬያት እዞር ነበር። ጡረታ የወጣ ሰው ሌላ ምን ሥራ አለው። ታዲያ በዚህች ከተማ ዕድሜውን ሙሉ ቢሮ ሲሠራ የኖረ ሰው የማያውቀው የለም፤ በየመታጠፊያው አንድ የማውቀው ሽማግሌ ወይም ቄስ አይጠፋም። "እኒህን አባት ዝም ብለሽ እንዳታልፊያቸው" እላታለሁ። ልጄን በሥርዓት ነው ያሳደግኳት፤ ትልቅ ሰው ስታይ ከመቀመጫዋ ብድግ ትላለች። መሪ ይዛም ብድግ ትል ነበር። ሰው "ታድለሃል፣ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት" ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

አንድ ቅዳሜ ወደ ገበያ ቁልቁል ስንወርድ የድሮ የቢሮ አለቃዬ አንድ ጨርቅ ቤት በር ላይ ቆመው አየኋቸው። "አለቃዬ ናቸው፣ ብድግ በይ እንጂ" አልኳት። ብድግ አለች፤ አንገቷንም ዝቅ አደረገች። እሳቸውም እንደ ደንቡ እጃቸውን ዘርግተው "ኧረ በእግዜር፣ ተቀመጭ" አሉ። ልጄ ቀና ስትል ከጉና ድንች የጫነች አህያና ባለቤቷ ሴትዮ ፊታችን ናቸው። ፍሬኑን ባላት ኃይል ረገጠችው። ባጃጁ የድንቹን ጆንያ ነክቶ ቆመ።

ሴትዮዋ ጭነቱን አቃንታ "ማርያም አተረፈችን፣ አይዞሽ ልጄ" አለችና መንገዷን ቀጠለች። ልጄ ባጃጁን ዳር አስይዛ ሞተሩን አጠፋች፤ ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ።

"አባዬ፣ ስልኬን ወሰዱብኝ፣ እሺ። ሰላምታዎንስ ማን ይውሰድልኝ?" አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

ጎረምሳውን መንገድ ላይ የተቆጣሁት ሰውዬ የገዛ ልጄን ሰው ላስገድላት ነበር፤ ያውም ጨዋ ትባልልኝ ብዬ። አፈርኩ። ያን ቀን ሁለተኛውን ሕግ ያወጣችው እሷ ናት፤ መሪ ከያዘች ለማንም ብድግ አትልም፣ ማንንም ዞራ አታይም። ሰላምታው ስትወርድ ይደርሳል።

ወሬው ግን አልቀረም። ከወር በኋላ አለቃዬ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አግኝተውኝ "ያቺ ልጅህ ኮራች ልበል? አጠገቤ አልፋ ሄደች" አሉኝ። ድሮ ቢሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። "አልኮራችም ጋሼ፣ እየነዳች ስለሆነ ነው። ስትወርድ ጉልበትዎን ትስማለች" አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና "ይሁን" አሉ። እውነትም በሳምንቱ ቤታቸው ሄዳ ጉልበታቸውን ሳመች።

ባለፈው ሳምንት በእግሬ ወደ ገበያ ስወርድ ልጄ ሦስት ሰው ጭና ሽቅብ መጣች። ልማድ ክፉ ነው፣ እጄን አነሳሁ። ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል አጠገቤ አልፋ ሄደች፤ የወለድኳትን እኔን እንኳ አላየችኝም። እጄ እንደተዘረጋ ቀረ። ደስ አለኝ።

"ኧረ በእግዜር፣ እንደተቀመጥሽ" አልኩ ለብቻዬ።