ካሜራው ውስጥ የቀሩት ኦቦ ጀቤሳ

ካሜራው የሞተው መብራት በመጣበት ደቂቃ ነው።

ዘመኑ ሁለት ሺህ አንድ፣ መብራት በፈረቃ የሆነበት ዓመት ነበር። ሳህሌ፣ መብራት ሲመጣ ራሱ ቻርጅ ያድርግ ብሎ ካሜራውን ሶኬት ላይ ሰክቶ ተወው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሞባይሉን እንዲሁ ያደርጋል። አምፖሉ ቦግ አለ፣ ድርግም አለ፣ እንደገና ቦግ አለ። ከካሜራው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ።

ማብሪያውን ቢጫን መልስ የለም። ባትሪውን አውጥቶ ብረቱን በላጲስ ፈተገው። ፀሐይ ላይ አሰጣው። ከሌላ ፎቶ አንሺ ሙሉ ባትሪ ተበድሮ ከተተበት። ወይ ፍንክች!

ሚስቱ ፈለቀች በር ላይ ቆማ ታየዋለች። «ጸበል ብቻ ነው ያልሞከርከው» አለችው።

ሳህሌ አቃቂ ተወልዶ አቃቂ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። አባቱ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበሩ። እሱ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ሠርቶ፣ ሠራተኛ ሲቀነስ አብሮ ተቀነሰ። ከዚያ ወዲህ የሚኖረው በካሜራ ነው፤ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምረቃ። በፊልሙ ዘመን «ሳህሌ የሙሽራ አንገት ይቆርጣል» እየተባለ ይታማ ነበር። ዲጂታሉን የገዛ ቀን «ከእንግዲህ አይቼ እደግመዋለሁ» ብሎ ሰፈሩን ዞረ።

አሁን እንቅልፍ የነሳው ግን ካሜራው አይደለም። ኦቦ ጀቤሳ ናቸው።

ኦቦ ጀቤሳ በቂሊንጦ በኩል ከነበረችው የድሮ መንደር የቀሩ የመጨረሻው ገበሬ ነበሩ። ቦታው ለመጋዘን ተሰጥቶ ቤታቸው ሊፈርስ ሲል፣ ባለቤታቸው አዴ ፀሐይቱ ቤቱን ከነባለቤቱ እንዲያነሳላቸው ሳህሌን አስጠሩት። ሰውየው ፎቶ አይወዱም። ሳህሌ ካሜራ አንጠልጥሎ ሲመጣ አዩና ገብተው በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት።

«ኦቦ ጀቤሳ፣ አንዴ ብቻ!»

«ቤቱን አንሳ» አሉ ከውስጥ። «እኔ አልፈርስም።»

ሳህሌ ለመነ፣ ጎረቤት ለመነ። በመጨረሻ አዴ ፀሐይቱ ወደ በሩ ጠጋ ብለው «ጀቤሳ» አሉ። ጮክ አላሉም፤ አልደገሙትም። መቀርቀሪያው ተንቋቋ። ሽማግሌው ወጥተው ደፉ ላይ ቆሙ፣ ኮታቸውን ቆለፉ፣ «በል» አሉ።

የዚያን ቀን የካሜራው ካርድ ሳሪስ ፎቶ ቤት ለእጥበት ቀርቶ ነበር። ካሜራው ካርድ ሲያጣ ጥቂት ፎቶ በራሱ ሆድ ውስጥ ይይዛል። ፎቶ ቤቱ ደግሞ ከካርድ እንጂ ከካሜራ ሆድ አያጥብም፤ ገመድ መፈለግ ነበረበት። ሳህሌ ነገ፣ ነገ አለ። ቤቱ ፈረሰ። ኦቦ ጀቤሳ ኪራይ ቤት ገብተው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። መታወቂያቸው ላይ ያለችውን ጉርድ ፎቶ ላብና ዝናብ ልጧት ፊት የላትም። ሌላ ፎቶ የለም። ካሜራው የሞተው፣ አዴ ፀሐይቱ «ለአርባው በትልቁ አሳጥብልኝ» ባሉት ሰሞን ነው።

የካሜራው የዋስትና ጊዜ ገና አላለፈም። ሳህሌ መሀል ከተማ ወዳለው ወኪል ሊሄድ ሲነሳ ፈለቀች ኮሌታውን እያስተካከለች መከረችው።

«ሶኬት ላይ ነበር ወይ ካሉህ፣ አልነበረም በል።»

«እግዜር ያያል።»

«እግዜር ይሄን ፈረቃም ያያል፤ ዝም ብሏል።»

ወኪሉ ዘንድ ማህሌት የምትባል ልጅ በመስኮት ተቀበለችው። የራሷን ባትሪ ከታ ሞከረች፤ የዋስትናውን ወረቀት አየች።

«ጋሼ፣ ሲበላሽ ሶኬት ላይ ነበር?»

«አልነበረም።»

«እንግዲያው በአዲስ ይቀየርልዎታል።»

ሳህሌ ጆሮውን አላመነም። ልጅቷ ከመደርደሪያው ያልተከፈተ ካርቶን አወረደች። አሮጌውን ከጎኗ ወዳለ ሳጥን ጣለችው፤ እዚያ ሌሎች የሞቱ ካሜራዎች ተደራርበዋል።

«እሱስ?» አለ ሳህሌ።

«ለአምራቹ ይመለሳል። እዚያ ይወገዳል።»

«ውስጡ ሰው አለ።»

«ካርዱን ያውጡት።»

«ካርዱ ላይ አይደለም፤ ሆዱ ውስጥ ነው። እሱን አውጡልኝና ውሰዱት።»

«ካልበራ አይወጣም፣ ጋሼ። እኛ ደግሞ አንከፍትም። እዚህ መቀየር እንጂ መጠገን የለም።»

«ሁለቱንም ብወስድስ?»

ሳቀች። «እኔም ደስ ይለኝ ነበር።»

ሳህሌ ካርቶኑን አየ። ከፋሲካ በኋላ ቃል የገባላቸው ሠርጎች አሉ። ካሜራ የሌለው ሳህሌ ሠርግ ቤት ቢገባ እንደ ማንም እድምተኛ በልቶ ከመውጣት ሌላ ሥራ የለውም። ከዚያ ሳጥኑን አየ።

«ሶኬት ላይ ነበር» አለ።

የልጅቷ እጅ ቆመ። «አሁን እኮ አልነበረም ብለውኛል።»

«ዋሽቼ ነው።»

ማህሌት ግራ ቀኟን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ እንዳልሰማሁ ልሁን?»

«አይ፣ ስሚ። መብራት ሲመጣ ተቃጠለ። ሽታውንም አሽትቻለሁ።»

ካርቶኑን ወደ መደርደሪያው መለሰችው። በመብራት መዋዠቅ ለሚደርስ ጉዳት ዋስትና እንደሌለ ነገረችው፤ እሱ ግን የሚሰማት አይመስልም ነበር። ዓይኑ ሳጥኑ ላይ ነው። አሮጌውን አንስታ ስትሰጠው በሁለት እጁ ተቀበላት።

ፈለቀች ነገሩን ስትሰማ ቆጣ አላለችም። «የሞተ ካሜራ፣ የሞተ ሰው» አለች። «የእኛ የቋሚዎቹ ፈረቃ መቼ ነው?»

ሳህሌ ካሜራውን ይዞ ወደ አዴ ፀሐይቱ ኪራይ ቤት ሄደ። ነገ፣ ነገ ማለቱን ጭምር አንድ ሳያስቀር ነገራቸው። ሴትዮዋ ካሜራውን ተቀብለው አገላበጡት።

«እዚህ ውስጥ ነው?»

«እዚህ ውስጥ ናቸው።»

«ኮቱን ቆልፎ ነበር?»

«ቆልፈው ነበር።»

«ታዲያ አይከፈትም?»

«ወኪሉ አይከፈትም ብሏል። መርካቶ ከፍቶ የሚያይ አንድ ሞባይል ጠጋኝ አለ ይላሉ። እሱም እስከ ወዲያኛው ሊያበላሸው ይችላል፤ ከአሁኑ ልንገርዎት። ለአርባው ስለመድረሱም አልምልም።»

አዴ ፀሐይቱ ተነሥተው ጫማቸውን ፈለጉ።

«ወዴት ነው?» አለ ሳህሌ።

«መርካቶ አላልክም?»

«እርስዎ ይረፉ። እኔ እወስደዋለሁ።»

«አንተማ ያን ቀንም ለምነኸው ነበር» አሉት። «እሱ እኔ ካልጠራሁት መች ይከፍታል?»

ካሜራውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ቀድመውት ወጡ።