ለመካከለኛዋ ካርድ ዱዓ

በሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው፤ ቁጥር ግን ከማንም ጋር አነባለሁ። ያን ዓመት ግንቦትን ሙሉ ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ ሲያይ እኔ የልጄን ስልክ አይ ነበር። የምጠብቀው ዝናብ አልነበረም። ግራፊክስ ካርድ የሚሉትን ዕቃ ነው የምጠብቀው። ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፤ የተሣለውን እንደ ፎቶ አድርጎ የሚያወጣው፣ ልጄ "ማብሰል" የምትለውን የሚሠራው፣ እሱ ነው።

ልጄ የመጨረሻዬ ናት። ኮምቦልቻ የግንባታ ትምህርት ተምራ መጥታ፣ ሐይቅ ከተማ አስፋልቱ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይታ ቤት ትሥላለች። በወረቀት አይደለም፤ በኮምፒውተር ነው። መሠረቱ ገና ያልተቆፈረውን ቤት፣ በሩን ከፍተህ ገብተህ፣ ሳሎኑን አልፈህ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እንደምታይ አድርጋ ታሳይሃለች። መጀመሪያ ያሳየችኝ ቀን፣ ወላሂ፣ ምንጣፉን አይቼ ጫማዬን ላወልቅ ነበር።

ከእሷ በላይ ሁለት ሴቶች አሉኝ። ሁለቱም ዓረብ አገር ሄዱ። ታላቂቱ ጅዳ ናት፤ ትደውላለች። ተከታይዋ ቤሩት ገባች። ድምጿን ከሰማሁ ሁለት ዓመት ተኩል አልፎኝ ነበር። መጀመሪያ ስልኳ ይጠራ ነበር፤ ኋላ መጥራቱንም ተወ። እናታቸው ስልኩን ትራስ ሥር እንዳደረገች ነው የሞተችው።

እንግዲህ በዚያ ግንቦት ታላቂቱ ለትንሿ ቪዛ ላከች። ትንሿም ሥራው ቀዝቅዞባት ስለነበር ፓስፖርቷን አውጥታ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠች። እኔም አየሁ። በዚሁ መካከል አንድ የደሴ ባለሀብት መጣ። ሐይቁ ዳር ሎጅ ሊሠራ ነው። "ሎጁን ሰው እየተዘዋወረ እንደሚያየው አድርገሽ በፊልም ሥሪልኝ። ሰኔ በገባ በሁለተኛው ሰኞ ለሸሪኮቼ አሳያለሁ። ከወደዱት የግንባታው ሥዕል ሁሉ ያንች ነው" አላት።

እሱ እንደወጣ ልጄ ወደ እኔ ዞረች። "አባ፣ ይኸን ካደረስሁ እቀራለሁ። ካላደረስሁ ግን እንዳትይዘኝ።"

"እሺ" አልሁ።

የነበራት ካርድ ያረጀ ነው። አንዱን ሥዕል ለማብሰል ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። ፊልሙ ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ሥዕል ነው። ትልልቆቹ ካርዶች አሉ፤ ዋጋቸው አይነካም። ትንንሾቹ አይረቡም። መካከለኛዋ ግን በዚያው ሰሞን አዲስ ወጥታ ዱባይ ገብታለች ተባለ። ልጄ ያጠራቀመችውን ይዛ ሄዳ ደሴ ካለ ነጋዴ አዘዘች። ነጋዴው "በዚህ ሳምንት ትገባለች" አለ።

"ስትመጣስ ትበቃለች?" አልኋት።

"እንዳለች ከሆነ የምትመጣበት ቀን ይወስነዋል። ቀኑ ካጠረ እገፋታለሁ።"

"ምንድነው መግፋት?"

"ፋብሪካው ከወሰነላት ፍጥነት በላይ ማስኬድ። ኦቨርክሎክ ይሉታል። ይቺ በደንብ ትገፋለች እያሉ ነው፤ የትልቋን ሥራ ልትጠጋ ትችላለች።"

ተቆጣሁ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የናፍጣ ወፍጮ ያስፈጨሁ ሰው ነኝ። ሞተሩ ላይ ፍጥነቱን የሚይዝ ሞላ አለ። አንድ መከር ሰልፉ ሲበዛብኝ ያን ሞላ አጠበቅሁት። ሦስት ቀን እንደ ጉድ ፈጨሁ። ዱቄቱ እየጋለ ወጣ፤ ሴቶቹ "ሊጡ እምቢ አለን" እያሉ ሰደቡኝ። በአራተኛው ቀን ሞተሩን ከወፍጮው የሚያያይዘው ቺንጋ ተበጥሶ የግራ እጄን ሁለት ጣት ይዞብኝ ሄደ።

"አይገፋም!" አልሁ። "የሠራው ሰው ከአንች ይበልጥ ያውቃል።"

"አባ፣ ይኸኛው ጣት አይቆርጥም።"

"ሁሉም እስኪቆርጥ ድረስ እንዲያ ነው የሚባለው።"

ሳቀችብኝ። እኔ አልሳቅሁም።

ሳምንቱ አለፈ። ጠዋት ጠዋት ለነጋዴው የምደውለው እኔ ሆንሁ። "አባባ፣ ዛሬም አልገባችም" ይለኛል። አንድ ቀን "የልጅዎ ናት ወይስ የርስዎ?" ቢለኝ "ምን አገባህ፣ አንተ ዕቃውን አምጣ" ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁት። ማግሥቱን ደግሞ ደወልሁ። እንኳን አልተቀየመ።

ልጄ ሎጁን ሥላ ጨርሳ ነበር። ዛፉን ተክላለች፣ ወንበሩን ደርድራለች፣ ሐይቁን ከነሞገዱ አስገብታለች። ማብሰሉ ብቻ ነው የቀረው። የወር መቁጠሪያውን ግድግዳው ላይ አሳየችኝ። ካርዷ እስከ ማክሰኞ ከመጣች በራሷ ፍጥነት ትጨርሳለች። ከዚያ ካለፈ ሳትገፋ አትጨርስም። ማክሰኞ አለፈ። ረቡዕ ጠዋት ሱቋ ሄጄ በሩ ላይ እንደቆምሁ "ግፊያት" አልኋት።

"ምን አልህ?"

"ግፊያት አልሁ። እስከቻለች ድረስ ግፊያት።"

ይሄኔ ልትስቅ ጀመረችና ፊቴን አይታ ተወችው። "ሁሏም አትገፋም እኮ አባ። ዕጣ ነው። ከአንድ ፋብሪካ፣ አንድ ስም ይዘው ነው የሚወጡት። አንዷ እንዳልኻት ትሄዳለች፤ አንዷ ትንሽ ስትነካት ታኮርፋለች። ካልሞከርሃት አታውቃትም።"

ይኸ ነው የገደለኝ። ወይፈንም እንዲሁ ነው፤ ከአንድ ላም የወጡ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ቀንበር ይለምዳል፣ አንዱ ይተኛል። ግን ወይፈን ሲያድግ ታየዋለህ። ይቺን በካርቶን ውስጥ ታሽጋ፣ የት እንዳለች እንኳ ሳላውቅ፣ ጠባይዋን እጠብቃለሁ። ምግብ አልበላልህ አለኝ። ሐይቁ ዳር ሄጄ ሎጁ የሚሠራበትን አጥር እያየሁ እመለሳለሁ።

ሐሙስ ከዙህር ሶላት በኋላ ጎረቤቴ ቤት ዱዓ አለን። ጫታችንን ይዘን እንቀመጣለን፣ የቸገረው ችግሩን ይናገራል፣ የሰፈራችን ሸህ ዱዓውን ያደርሳሉ፣ እኛ አሚን እንላለን። አንድ ክርስቲያን ዓሣ አጥማጅ ወዳጅ አለኝ፤ እሱም አይቀርም። ጫት ባይቅምም አሚን ማለቱን ይችልበታል።

"ዛሬ አንተ ከፍቶሃል። ምን ቸገረህ?" አሉኝ ሸሁ።

"ዕቃ እየጠበቅሁ ነው።"

"የምን ዕቃ?"

"ኮምፒውተር ውስጥ የምትገባ ካርድ። መካከለኛዋን።"

ዓሣ አጥማጁ ጣልቃ ገባ። "አንተ ሰውዬ፣ ፈጣሪን ነው የምትለምነው ወይስ ባለሱቅ? ከለመንህ ላይቀር ትልቋን አትለምንም?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ነደደኝ። "የተገዛችው መካከለኛዋ ናት! መንገድ ላይ ያለችውን ነው የምለምነው። በቶሎ እንድትመጣ፣ ስትመጣ ደግሞ የምትገፋዋ እንድትሆን።"

"ባትገፋስ?" አሉ ሸሁ።

"ባትገፋ ልጄ ትሄዳለች።"

የት እንደምትሄድ የጠየቀኝ የለም። እዚያ ቤት ውስጥ ዓረብ አገር ሰው የሌለው አልነበረም። ዓሣ አጥማጁም ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። ሸሁ መዳፋቸውን ዘረጉ። "ያረቢ፣ በመንገድ ያለችውን በሰላም አግባት። የሚጫንባትን አስችላት። ይቺን አንዲቱን ለአባቷ ተውለት።" አሚን አልን።

ዓርብ ከጁምዓ ስወጣ ነጋዴው ራሱ ደወለ። በሚኒባስ ልኳታል። መናኸሪያ ሄጄ ተቀብዬ፣ ካርቶኑን በሁለት እጄ ታቅፌ፣ ባጃጅ እንኳ ይንጣታል ብዬ በእግሬ አደረስኋት። ልጄ ከፈተችው። ሁለት ማራገቢያ ያላት ጥቁር ነገር ናት፣ እንደ ጡብ ትረዝማለች። አስገብታ አበራችው። ሠራ። ትናንት ግማሽ ሰዓት የሚፈጀውን ሥዕል ለመጨረስ ሁለት ደቂቃ አልሞላትም። አልሐምዱሊላህ አልሁ፤ ቶሎ ብያለሁ።

"አሁን ልግፋት" አለች።

ዱቄት ሲወርድ መጋሉን በመዳፌ ነበር የማውቀው። ማሽኑ ጀርባ ተቀምጬ፣ አየሩ በሚወጣበት በኩል መዳፌን አደረግሁ። ትንሽ ከፍ አደረገቻት፤ አየሩ ሞቅ አለ፣ ሥራው ቀጠለ። "ጎበዝ፣ ሂጅ" አልሁ፣ ለልጄ ይሁን ለካርዷ እንጃ። ደግሞ ከፍ አደረገቻት። ስክሪኑ ድርግም አለ። መብራት ሄዶ ይሆናል ብዬ ቀና ብዬ አምፖሉን አየሁ፤ አምፖሉ በርቷል።

መልሳ አበራችው፤ በትንሹ ቀነስ አድርጋ ሞከረች። ደቂቃ ሄዳ ጠፋች። ሌላ ሞከረች። እንደገና። አመሻሹ ድረስ ስንት ጊዜ እንደጠፋች አልቆጠርሁም። መዳፌ ላይ ያለው አየር እንኳ ብዙም የጋለ አልነበረም፤ ሙቀቱ አቃጥሏት ቢሆን ይገባኝ ነበር። እንዲያው እምቢ ነው ያለችው።

ልጄ እጇን ከማሽኑ ላይ አነሳች። "ይቺ አትገፋም አባ። ከተወሰነላት በላይ አንድ ጋት አትሄድም።" ወደ ፋብሪካው ፍጥነት መለሰቻትና ማብሰሉን አስጀመረቻት። ከዚያ አሰላች። "ረቡዕ ትጨርሳለች።"

"ሰኞ ነው የሚፈልገው።"

"አዎ።"

መሳቢያዋን ስባ ፓስፖርቷን አወጣችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በዝግታ ነው ያደረገችው፤ እንዳየው ብላ ይመስለኛል። "ቃልህን አትርሳ" አለችኝ።

"ሰውየውን ቀን ጨምርልን እንበለው።"

"እንዳትለው! ሁለቴ ጠይቄዋለሁ፤ አይቻልም ብሎኛል። አንተ ሄደህ አልቅሰህ ቢሰጠኝ በእንባህ እንጂ በሥራዬ አልቀረሁም። እንዳትሄድ፣ አባ።"

"አልሄድም" አልሁ። ዋሸሁ። ማሽኑን ግን ስንወጣ አላጠፋችውም፤ በሩን ዘግታበት መጣን።

ማግሥቱን ከሱብሒ ሶላት እንደተመለስሁ ሸሁ ቤት ሄድሁ፣ ከዚያ ከእሳቸው ጋር ወርጄ ዓሣ አጥማጁን ከታንኳው ላይ አስወረድሁት። "ዱዓው አልሠራም ማለት ነው?" አለኝ መረቡን እየጠቀለለ።

"የለመንነው እንድትመጣ ነው፤ መጣች" አሉ ሸሁ። "የቀረውን እኛ እንሞክር። ተነስ።"

ሦስታችን ነጭ ጋቢያችንን ደርበን የሎጁ አጥር በር ላይ ቆምን። ባለሀብቱ ቅዳሜ ቅዳሜ መሬቱን ለማየት እንደሚመጣ አውቅ ነበር፤ መኪናው ቆሟል። ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አየን።

"ምን ጉዳይ ነው አባቶች?"

"ሽማግሌ ነን" አልሁት።

"ለማንኛዋ ልጅ? ጋሼ ሴት ልጅ የላቸውም እኮ።"

"ለልጅ አይደለም፣ ለሁለት ቀን ነው። ጥራልን።"

ባለሀብቱ ወጣ። ደንገጥ ብሎ፣ ሦስት የላስቲክ ወንበር አስመጥቶ፣ "ቁጭ በሉ አባቶቼ" አለ። ለሽምግልና የሄደ ሰው ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ሸሁ እኔን አዩኝ፣ ዓሣ አጥማጁም አየኝ።

"አንቀመጥም" አልሁ። "የሎጅህን ፊልም የምትሠራዋ ልጅ አባት ነኝ። እሷ አላከችኝም፤ እንዲያውም ከልክላኛለች። ሥራዋ አልቋል፣ ማሽኑ ላይ እየበሰለ ነው፣ ረቡዕ ይወጣል። ሁለት ቀን ስጠን።"

"አባባ፣ ሰዎቹ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጡት። ቀን መቀየር በእኔ እጅ ብቻ አይደለም።"

"ደውልላቸው።"

"መጀመሪያ ቁጭ በሉ።"

"መጀመሪያ ደውል።"

አንዴ እኔን፣ አንዴ ሸሁን አየ። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ወደ ሐይቁ በኩል ራቅ አለ። ጀርባውን ሰጥቶን ማውራት ጀመረ፤ የሚለው አይሰማም። ፀሐይዋ ከረረች። ዓሣ አጥማጁ በሹክሹክታ "ጉልበቴ አለቀ፣ አንዱን እግሬን እንኳ ላሳርፍ" አለኝ። "አታሳርፍም" አልሁት። ወንበሮቹ ከኋላችን እንደተደረደሩ፣ ሰውየው ወዲያና ወዲህ እያለ ሲያወራ እያየሁ፣ ቆምሁ።