ቀይ ማስጠንቀቂያ

ሃርጌሳ ለሚገኝ አንድ የመድኃኒት መጋዘን የኮምፒውተር ፕሮግራም እሠራ ነበር። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ሊወጣ ሲል ፕሮግራሙ ማስጠንቀቂያ ያሳያል። የመጋዘኑ ሠራተኛ ግን «እሺ» የሚለውን ተጭና ታልፈዋለች።

ሥራ አስኪያጁ ተቆጣ። «ጽሑፉ ደማቅና ቀይ ሳይሆን ፈቃድ የለህም» አለኝ። እሑድ ድሬዳዋ የእህቴ ሠርግ ነው፤ ፓስፖርቴ ያለው እሱ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ማስጠንቀቂያው የሚወጣበት የመልእክት ሳጥን ቀለም አይቀበልም። የማድመቂያ ኮድ ብጨምርበት ኮዱን ራሱን እንደ ጽሑፍ አወጣው። ጠባቧ ቢሮ ውስጥ ሦስት ቀን ተቀርቅሬ ሳጥኑን ከባዶ ሠራሁት። እህቴ ስትዳር የሙሽሮቹን ፎቶ በስልክ እያየሁ የፊደል መጠን አስተካክል ነበር።

ሰኞ ለሠራተኛዋ አሳየኋት። ጅግጅጋ ስላደገች አማርኛ ትችላለች።

«አሁንስ ቀይ ሆነ?» አልኳት።

«ሆኗል ወንድሜ። ግን ምን ይላል? እኔ እኮ ከመድኃኒቶቹ ስም በቀር እንግሊዝኛ አላነብም።»

ማንም ጠይቋት አያውቅም፤ እኔም ጭምር። አፍሬ እዚያው አጠገቧ ተቀመጥኩ። እሷ በሶማልኛ እየነገረችኝ ማስጠንቀቂያውን በተራ ጥቁር ፊደል ጻፍኩት። ጮክ ብላ አነበበችውና «እሺ»ን ሳትጫን እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች።