አባቴ ያደነዘዛቸው መርፌዎች

ወልቂጤ ያለው ቤታችን በመንገዱ በኩል አንዲት ጠባብ ክፍል አለችው። አባቴ ቆዳ የሚሰፋባት ክፍል ነበረች። እሱ ከሞተ በኋላ እዚያ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ እስከ ዘንድሮ መስቀል ድረስ እንደነበረ ቆየ። ከመስኮቱ አጠገብ እስከ ግማሹ ድረስ የተሰፋ ቡናማ ቆዳ ተሰቅሎ ነበር። ስፌቱ ከቆመበት ላይ ክሩ በግራና በቀኝ ይወርዳል፤ በየጫፉም አንዳንድ መርፌ ተንጠልጥሏል። በሩ ሲከፈት ነፋስ ይገባና ሁለቱ መርፌዎች ይነካካሉ። ድምፃቸው በጣም ትንሽ ነው፤ ቢሆንም እኔም እናቴም ቤቱ ውስጥ የትም ብንሆን እንሰማዋለን።

ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ ነው። የሚያስፈራ ነገር እየጻፉ ደስ መሰኘት የሚቻል አይመስለኝም ነበር፤ ለካ ይቻላል።

ቆዳው የእናቴ ነው። መጽሐፍ ቅዱሷ ጀርባው ስለተገነጠለ እሁድ እሁድ በፌስታል ነበር ይዛ የምትሄደው።

"የእግዚአብሔርን ቃል በፌስታል?" ይላት ነበር አባቴ።

"የቆዳ ሰፊ ሚስት መሆኔ እንዳይታወቅብኝ ብዬ ነው" ትለዋለች።

ለከተማው ሰው ሁሉ ቀበቶና ቦርሳ ሲሰፋ ኖሮ የእሷ ተራ መጨረሻ ላይ ደረሰ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች "የመጽሐፍ ቅዱስ ሽፋን" ነው የሚሉት፤ አባቴ ግን በድሮው ስም ማኅደር ይለው ነበር። ማኅደሩን እየሰፋ ሳለ "ደክሞኛል፣ ትንሽ ጋደም ልበል" ብሎ ገባ። በዚያው ቀረ።

አመሻሽ ላይ ደግሞ ሌላ ድምፅ ነበር። በሰም የተቀባ ክር ቆዳ ውስጥ ሲያልፍ ረጅም ትንፋሽ ይመስላል፤ መጨረሻ ላይ ሲጠብቅ ጥ ይላል። ከተዘጋው ክፍል ይህን የሰማሁ የመሰለኝ ጊዜ ብዙ ነው። እናቴም ከያዘችው ሥራ ቀና ትልና ወደ በሩ ታያለች። እኔ ደብተሬ ላይ አቀረቅራለሁ። አንድም ቀን "ሰማሽ?" ተባብለን አናውቅም።

ዘንድሮ መስቀል ሲቃረብ እናቴ ሽንኩርት እየላጠች፣ እንደ ዋዛ፣ "ከበዓሉ በኋላ ክፍሉን ሞባይል ለሚጠግን ሰው አከራየዋለሁ" አለችኝ።

"የአባዬ ዕቃስ?"

"ሳጥን ውስጥ ይገባል።"

"ማኅደሩስ?"

ሽንኩርቱን አስቀመጠች። "ክሩን ቆርጬ አኖረዋለሁ። ተንጠልጥሎ አይቀርማ።"

"እኔ ልጨርሰው።"

"አንቺ የጀመርሽውን ጨርሰሽ ታውቂያለሽ? ያ የኪሮሹ ሻል እስካሁን የድመቷ አልጋ ነው።"

"ይሄን እጨርሰዋለሁ፣ እማ።"

"ቆዳ ጨርቅ መሰለሽ? አንዴ ከተቀደደ ተቀደደ ነው።" ሽንኩርቱን መልሳ አነሳች። ከዚያ፣ "እሺ። ካበላሸሽው ግን እንዳታሳዪኝ። ከምታበላሺብኝ እሱ እንደተወው ቢቀርልኝ ይሻለኛል" አለች።

ያኔ ነው ቆዳውን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀርቤ ያየሁት። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ስፌቱ ግማሽ ላይ ቢቆምም፣ በወስፌ የተበሱት ትናንሽ ቀዳዳዎች አልቆሙም። ዙሪያውን ይሄዳሉ፣ ማዕዘኑን ይዞራሉ፣ እስከ መጨረሻው ይደርሳሉ። አባቴ መንገዱን ሁሉ አስቀድሞ ሄዶበታል። ቀዳዳዎቹ ክፍት ሆነው ሰው እየጠበቁ ነበር።

የአባቴ መርፌዎች ከቢላዎቹ ጋር ወጥ ቤት በሚቀመጥ አንድ የብስኩት ጣሳ ውስጥ ናቸው። ሁለት አነሳሁና መጀመሪያ በቁራጭ ቆዳ ላይ ሞከርኩ። አሰፋፉን ገና ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሳየው ነው ያደግኩት፦ ቆዳውን በእንጨት መቆንጠጫ በጉልበት መሃል ይይዙታል፤ በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንዱ መርፌ ከግራ፣ ሌላው ከቀኝ ያልፋል። የመጀመሪያው መርፌ ደህና አለፈ። ሁለተኛው ግን ቀድሞ ያለፈውን ክር ሆዱን ወጋው። ስጎትተው ክሩ ተፍተለተለ፣ ጸጉር አወጣ፣ አልጠብቅም አለ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው። አባቴ እንዲህ ሲሆንበት አይቼ አላውቅም።

ጥፋቱ የመርፌዎቹ ማርጀት መስሎኝ ገበያ ሄድኩ። ሻጩ ለቆዳ መሆኑን ስነግረው ጣት የሚያክል የማዳበሪያ መስፊያ አወጣልኝ።

"እንኪ፣ ይቺ በሬውን ከነነፍሱ ትሰፋዋለች።"

"ለመጽሐፍ ቅዱስ ሽፋን ነው እኮ።"

"እንግዲያማ ቀስ ብለሽ ስፊው።"

ቤት ወስጄ በቁራጯ ላይ ስሞክራት ቀዳዳውን ተርትራው ከጎኑ ካለው ጋር አንድ አደረገችው። ያን ቀን አመሻሽ ላይ ከክፍሉ ምንም ድምፅ አልመጣም። ይሄ ደግሞ ከድምፁ በላይ አስፈራኝ። የተቀየመኝ መሰለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ጣሳውን ይዤ በአገና በኩል ቡታጅራ ሄድኩ። አክስቴ፣ የአባቴ ታናሽ እህት፣ እዚያ ነው የምትኖረው። ልጅ ሆነው ወንድሟ ሲሰፋ ክሩን ሰም እየቀባች የምታቀብለው እሷ ነበረች።

"ምነው፣ መስቀል ሳይደርስ ክትፎ አማረሽ?" አለችኝ ገና በር ላይ።

"መርፌ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት፣ እትዬ።"

"ወልቂጤ መርፌ ጠፋ? ተይ፣ ተይ፣ ግቢ።"

የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ጣሳውን ከፍታ አንድ መርፌ አወጣችና የነጠላዋን ጫፍ ጭኗ ላይ ዘረጋች። መርፌውን አጋድማ፣ ጫፉን ነጠላው ላይ ቀስ አድርጋ ጎተተችው። አንድ ቀጭን ክር ተመዘዘ።

"የቆዳ መርፌ እናንተ ቤት የሚመረጠው እንዲህ ነው። ነጠላ ላይ ክር ከመዘዘ የጨርቅ ነው" አለች። ሌላ አነሳች። መዘዘ። ሌላም። ሳቋ እየጠፋ ሄደ። "እነዚህ የወንድሜ መርፌዎች ናቸው፤ አውቃቸዋለሁ። ማነው የሳላቸው?"

ያኔ ትዝ አለኝ። ያለ አባቴ የዋልነው የመጀመሪያው መስቀል። ለበዓሉ ቢላዎቹን የሚስለው ሁልጊዜ እሱ ነበር። በዚያ ዓመት እናቴ ደፉ ላይ ተቀምጣ ድንጋዩን ውኃ እያጠጣች ቤት ውስጥ ያለውን ስለት ሁሉ ሳለች። ቢላዎቹን ጨረሰች፣ ማጭዱን፣ መቀሱን። እጇ ማቆም ያቃተው ይመስል ነበር። በመጨረሻ ጣሳውን ከፍታ መርፌዎቹን በጣቷ ነካች። "ደንዘዋል እኮ። በዚህ ነው ሲሰፋ የኖረው፣ ምስኪን" አለችና አንድ በአንድ እስኪመሽ ሳለቻቸው።

ለአክስቴ ስነግራት ልትስቅ ነበር፤ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

"ወንድሜ አዲስ መርፌ ሲገዛ መጀመሪያ በድንጋይ ያደነዝዘው ነበር" አለች። "መንገዱን የሚከፍተው ወስፌው ነው። መርፌው ክሩን መርቶ ያሻግራል እንጂ አይወጋም። ከወጋማ የጓደኛውን ክር ነው የሚወጋው።" መርፌውን ወደ ጣሳው መልሳ፣ "የመርፌውን ውፍረት ለማወቅ ደግሞ ክሩን እንዳጠለቅሽበት ቀዳዳው ውስጥ አስገብተሽ እይው። በጣትሽ ሳብ ስታደርጊው ትንሽ ያዝ አድርጎ ከለቀቀሽ እሱ ነው። በጥርስሽ ካስጎተተሽ ወፍሯል። ሳትነኪው ከወደቀም ቀጥኗል።"

"ታዲያ አሁን በምን ልስፋ?"

"ማኅደሩ ላይ የተንጠለጠሉት ሁለቱስ? እነሱንም ነክታቸዋለች?"

"ማንም አልነካቸውም።"

"እንግዲህ እነሱ ናቸዋ።" ስትሸኘኝ እጄን ይዛ፣ "ለእናትሽ ግን አትንገሪያት" አለችኝ።

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የማስበው ስለ ሁለቱ መርፌዎች ብቻ ነበር። ከእሱ እጅ በኋላ የማንም እጅ አልነካቸውም። እነሱን መያዝ የእሱን ጣቶች እንደ መያዝ ሆነብኝ፤ ጣቶቹ ደግሞ ቀዝቃዛ ቢሆኑስ?

ገብቼ የእናቴን ነጠላ ከተሰቀለበት አወረድኩ። አንደኛውን መርፌ ከነክሩ ይዤ ነጠላው ላይ ጎተትኩት። በረዶ ላይ እንደሚሄድ ነገር ተንሸራተተ። አልቀዘቀዘም። መስኮቱ አጠገብ ስለሚውል በፀሐይ ሞቋል።

"ነጠላዬ ምን አደረገሽ?" እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ወደ አባቴ ክፍል ግን አልገባችም።

አክስቴ አትንገሪያት ብላኝ ነበር። እናቴ ግን ጠየቀችኝ፣ እኔም ነገርኳት። ስለ ነጠላው፣ ስለ ወስፌው፣ ሆን ብሎ ስለሚያደነዝዛቸው መርፌዎች። ጣሳውን አየች። እጇን አየች። ከበሩ ሥር ያስቀመጥኩትን ጣሳ አንስታ ወደ ውጭ ሄደች።

እንዲህ ብቻዬን ሆኜ ጀመርኩ። ማኅደሩን መቆንጠጫው ውስጥ አስገብቼ በጉልበቴ ያዝኩት። የግራውን መርፌ አሳለፍኩ፣ የቀኙን አሳለፍኩ፤ አንዱ ሌላውን ሳይነካ። ሁለቱንም ጫፍ ሳብኩ። ረጅም ትንፋሽ፣ ከዚያ ጥ። ያ ድምፅ ነው። ከራሴ እጅ ሲወጣ ሰማሁትና ጸጉሬ ቆመ፤ እየቆመም ደስ አለኝ። ወደ ኋላዬ ዞሬ ማየት አልፈለግሁም። ቀጠልኩ።

ማዕዘኑ ጋ ስደርስ አንደኛው መርፌ ክር የሚገባበት ላይ ዝጎ ኖሮ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ክሩ ባዶውን እጄ ላይ ቀረ። በአንድ መርፌ ማኅደር አይሰፋም። "እማ" ብዬ ልጣራ ቀና ስል ቀድማኝ በሩ ላይ ነበረች። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ ውጭ ደፉ ላይ ተቀምጣ የሳለቻቸውን መርፌዎች በዚያው ድንጋይ መልሳ ስታደነዝዝ ነበር። ጣቶቿ በድንጋይ ዱቄት ነጭ ሆነዋል።

የራሷን ነጠላ ዘርግታ አንዱን መርፌ እፊቴ ጎተተችበት። ምንም አልመዘዘም።

"ይሄን ሞክሪው" አለችና ገባች። እሱ ከሞተ ወዲህ በዚያ በር ስትገባ ሳያት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

መርፌው ቀዳዳው ውስጥ ትንሽ ያዝ አደረገና አለፈ። በአንድ እጄ የአባቴ መርፌ፣ በሌላው የእናቴ፣ እስከ መጨረሻዋ ቀዳዳ ሰፋሁ። የአባቴ ክር በቃኝ።

እናቴ ማኅደሩን ተቀብላ አላየችውም። ዓይኗን ጨፍና በጠቋሚ ጣቷ ስፌቱን ከመጀመሪያው ጀምራ ዳሰሰችው። እኔ እሱ ያቆመበትን ቦታ አውቀዋለሁ፤ ቆዳው እዚያ ላይ፣ ክሩ በተንጠለጠለበት፣ ፀሐይ ያልመታው መስመር አለው። ጣቷ እዚያ ደረሰ። አልቆመም። አለፈው። ገና ስጀምር የሰፋኋቸው ላይ ቀስ ብሎ ሄደና ማዕዘኑ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቆመ።

"እዚህ ጋ ነው ያቆመው" አለች።

አላረምኳትም። እሁድ ማኅደሩን ደረቷ ላይ ይዛ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ክፍሉም አሁን የሞባይል መጠገኛ ሆኗል። አልፎ አልፎ እሷ ሳታየኝ ማኅደሩን አነሳና ያንን ቦታ እመለከታለሁ። የእኔ ስፌት ትንሽ ቀጥ ይላል፤ የአባቴ ወደ ጎን ያዘነብላል። ከመስመሩ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ስፌቶች፣ እናቴ ጣቷን እስካቆመችበት ድረስ፣ ወደ ጎን ያዘነበሉ ናቸው።

እነሱን የሰፋኋቸው እኔ ነኝ። እጄ ላይ የነበረውን መርፌ ሙቀት ሳይቀር አስታውሳለሁ።