ለፍቃዱ ያስቀመጥኩት ስብከት

ይህ ነገር የደረሰብኝ የወሎ ረሃብ በበረታበት፣ አብዮቱም በፈነዳበት ዓመት ነው። አሁን ሰማንያን ልደፍን ጥቂት ቀርቶኛል፤ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ ቤቱን የምበረብር ሰው ሆኛለሁ። ፍቃዱ ያደረገኝን ግን አንዷንም አልረሳሁም።

እሱና እኔ አዲስ አበባ፣ በሉተራን ሴሚናሪ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ነበርን። ሐሙስ ሐሙስ አንዳችን እንሰብካለን፤ ሌላው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ስህተታችንን ይጽፍና በሁሉም ፊት ያነበዋል። አገሩ ሂስ የሚባለውን ነገር ከአብዮቱ ሲማር፣ እኛ ቀድመን ተጨራርሰን ነበር።

የእኔ ተራ ደረሰ። ስለ አምስቱ እንጀራና ስለ ሁለቱ ዓሣ፣ በሦስት ክፍል ያሰናዳሁት ስብከት ነበር። ሌላው ባያለቅስም እኔ ራሴ አልቅሻለሁ። የዕለቱ ተቺ ፍቃዱ ተነሣና የጻፈበትን ወረቀት እንኳ ሳያይ፣ «ወንድማችን ድምፁ ያምራል። የሚናገረው ነገር ሲያገኝ ይጥራን» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህራችንም፣ ስብከቱን አሻሽዬ ካልደገምኩ ሦስተኛ ዓመት እንደማልገባ ነገሩኝ።

በዚያው ሰሞን ተማሪዎች ለረሃቡ እርዳታ ሲመደቡ እኔ የተወለድኩባት የወሎዋ መካነ ሰላም ደረሰችኝ። ከማን ጋር? ከፍቃዱ! እግዚአብሔር ጠላቴን በእጄ ጣለልኝ ብዬ አመሰገንኩ። ለአገልጋይነት እየተማርኩ እንደነበር ልብ በሉልኝ።

በቀሌን ያሰናዳሁት መንገድ ላይ፣ ጭነት መኪናው ላይ፣ የስንዴው ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። ፍቃዱ መስበክ ከጀመረ ከአርባ ደቂቃ በፊት አይቀመጥም። በእኛ አገር ደግሞ ሰው ሲሰበሰብ መጀመሪያ እንግዳ ይናገር ይባላል። በተራበ ሰው ፊት ሲያንዛዛ ሲጮኹበት ማየት ነበር ምኞቴ።

በደረስን ማግስት ጠዋት ሕዝቡ ሜዳውን ሞልቶ ጠበቀን። ከለጋምቦ በኩል ሁለት ቀን በእግር የመጡ ነበሩበት። ዱዓ ሊያደርጉ የተቀመጡትን ሽማግሌ፣ ሼህ እንድሪስን፣ ጠጋ ብዬ፣ «ሼሁ፣ ይኸ እንግዳ ትልቅ ሰባኪ ነው። ሳይናገር ስንዴው ከተሰፈረ ቅር ይለዋል» አልኳቸው።

«እንዲያ ከሆነማ ይናገራ!» አሉና ጠሩት።

ፍቃዱ ተነሣ። አንዲት ሴት ባዶ ስልቻዋን ዘርግታ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። «እግዜር ከእናንተ ጋር ይሁን። ስንዴው ይሰፈር» አለና ተቀመጠ። ሜዳው በአንድ አፍ «አሚን!» አለ። ምርቃቱ ዘነበለት።

ተቃጠልኩ። የገዛ አገሬ ሰው ምርቃት ለእሱ! ዘልዬ ተነሣሁና፣ «እኔም አንድ ቃል አለኝ» አልኩ። አንድ ቃል! ያንኑ የወደቀውን ስብከት ከነክፍሎቹ ጀመርኩት፤ እንጀራ ካየ ለሰነበተ ሕዝብ የእንጀራ ታሪክ። ሁሉም በልቶ ጠግቦ አሥራ ሁለት መሶብ ተረፈ ወደሚለው ስደርስ ሼህ እንድሪስ ከዘራቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ አላህ ጤና ይስጥህ። እነዚያስ ጠገቡ፤ አሁን ለእኛ ስፈርልን።»

መቆሚያ ጉልበት ያልነበረው ሕዝብ በእኔ መሳቂያ ጉልበት አገኘ።

ቁና አንሥቼ ስሰፍር ዋልኩ፤ ቀና ብዬ የሰው ፊት አላየሁም። ስልቻዋን የዘረጋችው ሴት ተራዋ ሲደርስ፣ «ድምፅህ ግን ያምራል፣ ወንድሜ» አለችኝ። የተራበ ሰው የቂሜ መወጫ ማድረጌ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ቂሙ ግን አልለቀቀኝም።

ሴሚናሪ ስንመለስ ያወራብኛል ብዬ በፍርሃት አለቅኩ። ትንፍሽ አላለም። ስብከቱን ስደግምም ተቺዬ እሱ ነበር። «አጥሯል፤ ተሻሽሏል» ብሎ ተቀመጠ። አለፍኩ። ያልወጣልኝ ይኸ ነው፤ ቢያጋልጠኝ ኖሮ እኩል እንሆን ነበር።

ሁለታችንም ቄስ ሆነን፣ ሁለታችንም ጡረታ ወጣን። ቀድሞኝ ከሄደ በቀብሩ ላይ የምሰብከው እኔ ነኝ፤ ለልጆቹ ነግሬ ጨርሻለሁ። ስብከቱ ሦስት ክፍል አለው፣ ከአርባ ደቂቃ አያንስም። ያን ቀን ተነሥቶ ሊተቸኝ አይችልም።

ያሳሰበኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰሞኑን እየደወለ ስለ ደም ግፊቴ መጠየቅ አብዝቷል።