የቃሬዛ ተራ

ደብረ ብርሃን ከምኖርበት ግቢ አጠገብ ሰሞኑን ቤት እየተሠራ ነው። ትናንት ጠዋት አንድ የጭነት መኪና ገና የተላጠ ባሕር ዛፍ አራግፎ ሄደና ሽታው በመስኮት ገባ። ጎረቤቶቼ ደስ የሚል ሽታ ነው ይላሉ። እኔ መስኮቱን ዘጋሁት። እርጥብ ባሕር ዛፍ ለእኔ የሚሸተኝ ቃሬዛ ቃሬዛ ነው፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን ከጓሳ በታች፣ ትምህርት ቤቱ ከሸንተረሩ ማዶ ነው። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ጀምሮ ስለነበር ክፍላችን እርጥብ ሱፍና ጭቃ ይሸት ነበር። ቆርቆሮው ላይ በረዶ ሲወርድ መምህር የሚናገረው ስለማይሰማ ሁላችንም ዝም ብለን እስኪያባራ እንጠብቃለን። የእንግሊዝኛ መምህራችን ከመርሐ ቤቴ ቆላ የመጣ ወጣት ነበር። ብርዳችን አልስማማው ብሎ ሁለት ሹራብ ደርቦ ያስተምር ነበር። እኛም አንምረውም፤ «ቲቸር፣ ሦስተኛ ይጨምሩ!» እያልን እናሾፍበታለን።

አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ «ካሪ» የሚል ግስ ጻፈልን። «በጀርባ ማዘል፣ በትከሻ መሸከም፣ በደረት መታቀፍ፣ ማንገት፣ ማንጠልጠል፣ ሁሉም ካሪ ነው» አለ። ክፍሉ ተንጫጫ። እኛ አገር ሕፃንና እንስራ ይታዘላል፣ ማገዶ ይሸከሙታል፣ ጠመንጃ ይነገታል። ልጄን ተሸከምኩ የሚል ሰው ቢገኝ ልጁን ከጭድ ቆጥሮታል ማለት ነው። መምህራችን ሳቀና ለነገ ከየቤታችን አንዳንድ ዓረፍተ ነገር እንድናመጣ አዘዘን።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ወሯ ገብቶ ነበር፤ አጎንብሳ ገብስ ስትለቅም ሆዷ ሰፌዱን ይገፋው ነበር።

«ምን ያሉ ድሆች ናቸው እቴ! ለዚህ ሁሉ አንድ ቃል?» አለችና ቀና ብላ ወገቧን ያዘች። «የሆዱንስ ምን ይሉታል? እስቲ ጠይቂልኝ።»

በማግሥቱ ጠየቅሁላት። መምህራችን ትንሽ አፈር አለና «እሱንም በዚሁ ግስ ይሉታል» አለኝ። መልሱን ይዤ፣ እንዴት እንደምትስቅ እያሰብኩ፣ ሸንተረሩን እየሮጥኩ ወረድኩ።

ደጃችን ላይ ሴቶች ተሰብስበው «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። እህቴ እኩለ ቀን ላይ ተወልዳለች። እንግዴ ልጁ ግን አልወጣም፤ ደሙም አልቆም ብሏል። አባቴ አምቡላንስ ለመጥራት ስልክ ሲደውል የመኪናው ሹፌር «መንገዱ ጭቃ ሆኖ ከወንዙ ማዶ ቀርቻለሁ፤ እንደምንም እዚህ ድረስ አድርሱልኝ» አለው።

በእኛ አገር በሽተኛ ሲኖር ከየቤቱ አንድ ወንድ ለቃሬዛ ይወጣል፤ የእድር ሕግ ነው። የእድሩ ዳኛ፣ ሽማግሌው፣ ጉብታው ላይ ወጥተው ተጣሩ። ወዲያው ከጓሯችን ሁለት ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ተላጠ፤ በጓሳ ሣር ገመድ ተጠላልፎ የሱፍ ባና ተነጠፈበት። መምህራችንም ሰምቶ በከተማ ጫማው እየተንሸራተተ መጣ።

«መምህር፣ እርስዎ እንግዳ ነዎት፤ የእድሩም ሰው አይደሉም። ይቅርብዎ» አሉት ሽማግሌው።

«ትከሻ አለኝ፣ አባባ» አለና ከቃሬዛው ሥር ገባ።

«እንግዲህ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በርቱ!» አሉ ሽማግሌው። ጉዞ ጀመርን። እኔ ሕፃኗን ታቅፌ ከጎን ከጎን እሮጣለሁ። ጉሙ ከፊት ያለውን ሰው ይሸፍናል፤ የሚሰማው የወንዶቹ ትንፋሽና የጭቃው ድምፅ ብቻ ነበር። ትከሻ ሲቀያየሩ ቆም ሲሉ ወደ እናቴ ጠጋ አልኩ። ከንፈሯ ነጥቷል።

«እማዬ፣ የሆዱንም በዚያው ቃል ነው የሚሉት አለ ቲቸር።»

ዓይኗን ገለጠች። «እኔማ አወረድኩት» አለች። ፈገግ ያለች መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ ለእኔ ብላ የተናገረችው ነገር የለም።

ቁልቁለቱ ሲጀምር ወንዶቹ ይንሸራተቱ ጀመር። አባቴ ሁለቴ ወደቀ። ሕፃኗን ከኋላ ለምትከተለን አክስቴ ልሰጥና ተራ ልይዝ ጠየቅሁ። እንስራ ሙሉ ውኃ በየቀኑ ዳገት የማወጣ ልጅ ነኝ፤ ከመምህራችን እንደማልሻል ማን ነገራቸው?

«ትያዝ፤ እናቷ አይደለች?» አለ መምህራችን እያለከለከ።

ሽማግሌው አልተቆጡም። «ሴት ልጅ ከቃሬዛ ሥር አትገባም፤ ነውር ነው። አንቺ እሷን ያዢ፣ ልጄ» አሉኝ ወደ ሕፃኗ እያመለከቱ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነፍሳቸውን ይማር። ንዴቴ ግን እስከ ዛሬም አልበረደልኝም።

ወንዙ ከሩቅ ይሰማን ጀምሮ ነበር። ከኋላ የያዘው ሰው ድንገት ቆመ። ሌሎቹም ቆሙ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩአትና ቆባቸውን አወለቁ፣ ባናውንም ፊቷ ላይ ሳቡት። አባቴ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ቃሬዛውን ወደ መጣንበት ሲያዞሩት ገባኝ፤ ጮህኩ፤ ሕፃኗም በእኔ ጩኸት ነቅታ አብራኝ ጮኸች።

እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ ይባላል። ውሸት ነው። እናቴ ቀየት ገበያ ውላ የምትመጣበትን ቀን ሁሉ አልቅሼ አውቃለሁ፤ ልቅሶው እንደዚያ ቀን አልነበረም።

ዳገቱን ስንመለስ መምህራችን ከሹራቦቹ አንዱን አውልቆ ሕፃኗን ጠቀለለልኝ። ትምህርት እስኪዘጋ ድረስ ክፍል ውስጥ ስሜን ጠርቶ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም። ከዚያ ወደ አገሩ ተዛወረ ሲሉ ሰማሁ።

ሕፃኗ አደገች። መጀመሪያ በፍየል ወተት፣ ኋላም በአክስቴ እጅ፤ አሁን እኔ ጋ ሆና ትማራለች። የእናቴን ግንባር ነው የወሰደችው። ፎቶ ስለሌለን ስለ እናታችን የምታውቀው እኔ የነገርኳትን ብቻ ነው፤ እኔም ያን መንገድ ብዙ አላወራላትም። ባለፈው እሑድ ፀጉሯን ስጎነጉንላት ጭኔ ላይ እንደተደገፈች ጠየቀችኝ።

«እማዬ ትከብድ ነበር?»

ጉንጉኑን ጫፉ ላይ ቋጠርኩት።

«እንጃ» አልኳት። «እሷን አላሸከሙኝም። ለእኔ የሰጡኝ አንቺን ነው።»