ሽማግሌ ያልተላከበት ፍቅር

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ ከገበያው ብዙም በማትርቅ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የውሰት ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። ኃላፊያችን አቶ ሰይፉ አንድ ማህተምና አንድ ሣጥን የውሰት ካርድ አስረከቡኝና፣ "መጽሐፍ ሲወጣ ካርዱ ይቀራል፤ መጽሐፍ ሲመለስ ገጹ ይቆጠራል። ከዚህ ሌላ ሥራ የለሽም" አሉኝ። በሳምንቱ ሌላ ሥራ አገኘሁ።

ሥራው ወሬ ነበር። መጽሐፍ የሚመልስ ሰው ገጹ ተቆጥሮ እስኪያልቅ ፊቴ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሁለት መቶ ገጽ ደግሞ ዝም ተብሎ አይቆጠርም። "እንዴት ነበር?" እላለሁ። አቶ ሰይፉ ከቢሯቸው ሆነው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ። ምላሴ አያርፍም። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ፤ አልተጸጸትኩበትም።

ከሁሉ በላይ ያስወራኝ አንድ አሮጌ የትርጉም ልብ ወለድ ነው። ሽፋኑ ስለጠፋ ርዕሱን እንኳ በእርግጠኝነት የሚያውቅ አልነበረም። በካርቶን ጠርዤ፣ ጀርባውን በወፍራም ክር ሰፍቼ፣ ስንቴ እንደጠገንኩት አላስታውስም። ታሪኩ ባሕር ማዶ ነው። የመርከብ ባለቤት ልጅ፣ የመርከብ ሸራ የሚሰፋ ድሃ ወጣት ትወዳለች። ሃይማኖታቸው ስለሚለያይ አባቷ ይከለክላል። ልጁ በመስኮት ይገባል፣ በመስኮት ይወጣል። በመጨረሻ ልጅቷ ለአባቷ አንድ ደብዳቤ ትታ አብራው በመርከብ ትኮበልላለች። መርከቧ ከዓይን ስትርቅ መጽሐፉ ያልቃል።

አንዲት ነርስ መጽሐፉን ስትመልስልኝ ዓይኗ አባብጦ ነበር። "እኔም እንዲህ የሚወደኝ ባገኝ አንድ ቀን እዚህ አላድርም" አለች። ከላንቴ የሚመጣ አንድ የሙዝ ገበሬ ግን ተናዶ መለሰው። "ይሄን ሁሉ ገጽ ሲያለቃቅሱ ሥራ የሚሠራ አንድ ሰው የለም። ያን ሁሉ መርከብ ማን ነው የሚያስተዳድረው?" አለኝ። የእርሻ መጽሐፍ ሰጥቼ ሸኘሁት።

ጋሽ ማዳ ከደጋው መንደር ከኦቾሎ የሚመጡ ሸማኔ ናቸው። ጋቢ ሊሸጡ ሲቀላ በወረዱ ቁጥር እኛ ጋ ጎራ ይላሉ። በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል የቆጠሩ፣ መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ የሚያነቡ ሰው ናቸው። ያ መጽሐፍ፣ ውሰቱን እያስታደሱ፣ ሦስት ወር ፈጀባቸው። ሲመልሱት ፊታቸው አልተፈታም።

"ልጁና ልጅቷ ጎሳቸው ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ፈረንጆች ናቸው እኮ።"

"ፈረንጅ ጎሳ የለውም እንዴ? አንድ ጎሳ ከሆኑ አባትየው ልክ ነው፤ እኛም ጋ አይጋቡም። ካልሆኑ ግን ጥፋተኛው ልጁ ነው።"

"እሱ ምን አጠፋ?"

"ሽማግሌ የታለ? ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፈለግኩ። አንድ ሽማግሌ አልላከም። በመስኮት ከመግባት በበር ሰው መላክ አይቀልም?"

ሳምንቱን ሙሉ ስስቅ ሰነበትኩ። ቆይቶ ግን ነገሩ ከሆዴ አልወጣ አለ።

ማርታን ያወቅኳት በዚያው መጽሐፍ ነው። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፤ በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ተውሳዋለች። ሦስተኛውን ስትመልስ ገጹን እየቆጠርኩ "ይሄን ያህል ምን አገኘሽበት?" አልኳት። ግራ ቀኝ አይታ ነገረችኝ። የምትወደው ሰው ኦርቶዶክስ ነው፤ የመሬት አስተዳደር ሠራተኛ። አባቷ አቶ ጴጥሮስ ደግሞ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናቸው። እናቷ በልጅነቷ ሞታ፣ አባትም እናትም ሆነው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።

"ትምህርት ሲዘጋ ሐዋሳ ሄደን እንጋባለን። ለአባዬ ደብዳቤ እተውለታለሁ፣ እንደ እሷ" አለች መጽሐፉን በጣቷ እየነካች።

አንጀቴን በላችው። "አባትሽ እምቢ አሉ?"

"አይቀበልም፣ እትዬ።"

"ተጠይቀው ነው?"

ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። ጋሽ ማዳ ያሉትን ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ አለቀሰች። በሁለት ሳምንት ውስጥ የምትወደው ልጅ ሦስት ሽማግሌ አሰናዳ። አንዱ ጋሽ ማዳ ነበሩ፤ ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ።

ሽማግሌዎቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አንደኛው ዙር ባዶ መመለሱ ወግ ነው። ሁለተኛውም ባዶ ሲሆን ግን ሁላችንም ደነገጥን። ማርታ "ትምህርት እስኪዘጋ አልጠብቅም፤ በዚህ ሳምንት እሄዳለሁ" ብላ ላከችብኝ። አንድ ሳምንት ብቻ ታገሺኝ ብዬ ለመንኳት። ምን እንደማደርግበት እኔም አላውቅም ነበር።

በማግስቱ አቶ ጴጥሮስ እሳት ለብሰው እሳት ጎርሰው መጡ። ለካ ጋሽ ማዳ በሽምግልናው መሐል የመጽሐፉን ታሪክ ከነመስኮቱ ተርከው፣ ማርታም ከእኛ እየተዋሰች እንደምታነበው ነግረዋቸው ኖሯል።

"ልጄን ያበላሸው መጽሐፍ የታለ?" አሉ።

ፈራሁ። መጽሐፉ ለጥገና ጠረጴዛዬ ሥር ተቀምጦ ነበር፤ "ሰው ተውሶታል" አልኳቸው። በሥራ ዘመኔ ሁሉ አንባቢ የዋሸሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አቶ ሰይፉ ከቢሯቸው ወጥተው "ግድ የለም፣ እንዲወገድ እናደርጋለን" ማለት ጀመሩ። ይሄኔ በራሴ አፈርኩ፤ በአቶ ሰይፉም ተናደድኩ። መጽሐፉን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"ዋሽቼዎት ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንብበውታል?"

"እንዲህ ያለ ነገር አላነብም።"

"ሳያነቡት እንዲወገድ ግን እኔ አልፈርምም። ካርድ ላውጣልዎት፤ የውሰት ጊዜው አሥራ አምስት ቀን ነው።"

አቶ ጴጥሮስ ብዙ ሲያዩኝ ቆዩ። ከዚያ ስማቸውን አስጻፉ፤ መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልለው ወጡ።

ሳምንት ሳይሞላ መለሱት። ገጹን ስቆጥር ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። "እንዴት ነበር?" ለማለት ያን ቀን ድፍረት አጣሁ። የጀመሩት እሳቸው ናቸው።

"መርከቧ ከሄደች በኋላ አባትየው ምን ሆነ?"

"መጽሐፉ አይናገርም።"

"አይናገርም። እኔም ደግሜ ፈለግኩ።" መጽሐፉን የጠቀለሉበትን ጋዜጣ አጣጠፉ። "ደብዳቤዋን ሲያገኝ እቤት ውስጥ ከማን ጋር ነበር?"

ያን መጽሐፍ ስንት ሰው መልሶልኛል፤ ስለ አባትየው የጠየቀኝ አልነበረም። እኔም ስንቴ ሳነበው አስቤው አላውቅም።

"ብቻውን ይመስለኛል" አልኳቸው።

ኮፍያቸውን አደረጉ። "ለሽማግሌዎቹ ንገሪልኝ። ቅዳሜ እቤት ነኝ።"

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ እሺታ ይዘው ተመለሱ። ማርታና ልጁ ማዘጋጃ ቤት ጋብቻቸውን ተፈራረሙ። በሁለቱም ቤተ ክርስቲያን ያጉረመረመ አልጠፋም። አቶ ጴጥሮስም ፊታቸው እንደጠቆረ ነው የመጡት፤ ግን መጡ፣ ምስክር ሆነውም ፈረሙ። ዛሬ ማርታ በየሳምንቱ ምሳ የምትበላው አባቷ ቤት ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ዓመት ሆነኝ። በእኔ ቦታ ለተቀመጣችሁ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። መጽሐፍ ይወገድልኝ የሚል ሰው ሲመጣ አትከራከሩት፤ መጽሐፉንም አትደብቁበት። አውሱት።